«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»፦ የ1960ው የቢቸናና የሞጣ እምቢታ ለዛሬ መሥሪያ ቤት

በኅዳር 1960 ዓ.ም የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ክፉ ሕግ አልነበረም። ከገበሬው ሲሰበሰብ የኖረውን አሥራት ሽሮ፣ ሁሉም እንደ ገቢው መጠን እንዲከፍል የሚያዝ ነበር። ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይክፈል ይላል። ፓርላማውም ተከራክሮበት ነው ያሳለፈው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግን በጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ በተለይ በሞጣ፣ በቢቸናና በቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃዎች፣ ገበሬው ገማቾቹን አላስገባም አለ። በአቤቱታ የተጀመረው ነገር ወደ ጥይት ተሻገረ፤ መንግሥት የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ። በመጨረሻ ወደ ኋላ የተመለሰው መንግሥት ነው።

ይህ ታሪክ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ የመሬትና የግብር ታሪክ ሆኖ ነው። ነውም። ግን ሌላም ነገር ይዟል። ከበላይ የመጣን ትእዛዝ እንዴት እምቢ ይባላል? እምቢ የሚባለውስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ትእዛዝ ሰጪውስ የሚያዘውን ሰው ያውቀዋል ወይ? ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛን የሚያንገበግቡት ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው። አለቃ ያለ አግባብ ሲያዝ ዝም ማለት ወይስ መናገር? መናገር ከሆነስ ለማን፣ እንዴት፣ መቼ? ቢቸናና ሞጣ ለዚህ ጥያቄ ከማንኛውም የሥልጠና አዳራሽ የተሻለ ትምህርት አላቸው። ትምህርቱ ግን በነፃ የተገኘ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ተከፍሎበታል።

▪️ ያልተጠየቀን ጥያቄ መመለስ

ገበሬው ለምን እምቢ አለ? «ግብር መክፈል ስለማይወድ» የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ሹማምንቱ ወደዱት። እውነቱ ግን ከዚያ ይሰፋል።

ቀደም ሲል የወጣው አዋጅ ቁጥር 70 የአገሪቱን መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ በጋሻ ግብር ሲጥል ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግራይ በቀድሞው ልማድ እንዲቀጥሉ ተትተው ነበር። የተተዉትም መሬቱ ርስት ስለሆነና ሕዝቡ መለካትን አጥብቆ ስለሚፈራ ነው። ጎጃሜው «ቃላድ» ሲባል የሚታየው የመለኪያ ገመድ ብቻ አልነበረም። በደቡብ አገር መሬት ሲለካ ምን እንደተከተለ ያውቃል። መሬቱ ተለካ፣ ከፊሉ ለመንግሥትና ለሹም ሆነ፣ ባለአገሩ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የ1960ው ገማች ወደ ማሳው ሲመጣ ገበሬው «ስንት ልክፈል?» ብሎ አልጠየቀም። «ከዚህ ሰውዬ በኋላ ማን ይመጣል?» ነው ያለው።

መንግሥት ግን የመለሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው። ግብሩ ፍትሐዊ መሆኑን፣ ድሃው ጥቂት እንደሚከፍል፣ ርስትን እንደማይነካ ደጋግሞ አስረዳ። የተናገረው ሐሰት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን የሚያስረዳው ሰው ራሱ ካልታመነ ማስረጃ ምን ይረባል? በዛሬ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። አዲስ አሠራር ሲመጣ ሠራተኛው ያጉረመርማል። አለቃው የአሠራሩን ጥቅም በሰንጠረዥ ያስረዳል። ሠራተኛው የፈራው አሠራሩን ሳይሆን ከኋላው የሚከተለውን የሠራተኛ ቅነሳ ነው። ሁለቱም ይናገራሉ፤ አይደማመጡም።

▪️ ሹሙና ባለአገሩ

የዚያን ጊዜ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ነበሩ። ከማዕከል ተሹመው የመጡ፣ ለዙፋኑ ታማኝ፣ ትእዛዝ ሲሰጡ «ለምን?» መባል የማይወዱ ሰው። ከአዋጁ በፊትም በጠመንጃ ምዝገባና በየጊዜው በሚጣለው መዋጮ ሕዝቡ ተማርሮባቸው ነበር። በጎጃም ገበሬ ዘንድ ጠመንጃ ከመሣሪያነት ያለፈ ነገር ነው፤ አባት ለልጅ የሚያወርሰው ክብር ነው። እንዲህ ያለውን ሕዝብ በቁጣ ማዘዝ ምን እንደሚያስከትል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ገበሬው በበኩሉ ሹሙን በደንብ አውቆታል። እምቢታውም የጀመረው በጥይት አይደለም። በየአጥቢያው ተሰብስቦ መከረ፤ ተማማለ፤ ሽማግሌ መረጠ፤ አቤቱታ ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስም ወደ አዲስ አበባም ሰው ላከ። አቤቱታውም በጥንቃቄ የተመጠነ ነበር። «ከንጉሡ ጋር ጠብ የለንም፤ ጠባችን ከሹሙና ከሰዎቹ ነው» የሚል መንፈስ ነበረው። «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ» በሚባልበት አገር ንጉሡን መክሰስ መንገድ መዝጋት ነው። ሹሙን መክሰስ ግን ለንጉሡ ክብሩን ሳይነኩ የሚያፈገፍግበትን በር ክፍት መተው ነው። ይህን ፈሪነት ማለት ስሕተት ነው። እምቢ የሚባለውን ሰው ጠባይና ሥልጣን አመዛዝኖ፣ እሺ ማለት የሚችልበትን ቦታ ማዘጋጀት ነው።

ሽማግሌዎቹ መልስ አጡ። ያኔ ገማቾቹ ተባረሩ፤ ጦር መጣ፤ ተኩስ ሆነ፤ ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ። የክረምቱ ውጊያ ነገሩን አልፈታውም። በ1960 ዓ.ም መጨረሻ ደጃዝማች ፀሐዩ ተነሡና ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ። ቆይቶም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወደ ጎጃም መጥተው ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማሩ። አዋጁ በይፋ ባይሻርም በጎጃም እንደታሰበው ሊሠራበት አልተቻለም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በመጨረሻ የተደረገው ሁሉ፣ ማለትም ሹም መቀየሩ፣ ውዝፍ መማሩ፣ ሕዝቡን ቀርቦ ማነጋገሩ፣ ሽማግሌዎቹ አቤቱታቸውን ይዘው በመጡ ጊዜም ሊደረግ ይችል ነበር። በመካከል ያለቀው ሕይወት የመዘግየት ዋጋ ነው።

▪️ ሹሙን ማዛወር

የታሪኩ ተከታይ ደግሞ ከዋናው ያላነሰ አስተማሪ ነው። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ። በ1966 ዓ.ም የአብዮቱ ማዕበል ሲነሣ የጅማ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ይነሡልን አለ፤ ተነሡም። አንድ ሰው፣ ሁለት ጠቅላይ ግዛት፣ ሁለት እምቢታ።

ከላይ ያሉት ሰዎች ከቢቸናና ከሞጣ የተማሩት «ይህ ሰው ለጎጃም አልሆነም» የሚለውን ብቻ ነው። «ይህ ዓይነቱ አገዛዝ ለማንም አይሆንም» የሚለውን አልተማሩም። ይህ ልማድ ዛሬም አልሞተም። ሠራተኛውን የሚያመናጭቅ ኃላፊ ላይ አቤቱታ ሲበዛ መፍትሔው ዝውውር ይሆናል። ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው። ችግሩ ደብዳቤውን ይዞ አብሮ ይጓዛል። ጠባዩን የሚነግረው ሰው ስለሌለ ኃላፊው ራሱ የተነሣበትን ምክንያት በውል ሳያውቅ አዲሱ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

▪️ ከዝምታና ከጎራዴ መካከል

ቢቸና ሌላም ታሪክ አላት፤ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ፣ የአባ ኮስትር። በጠላት ወረራ ዘመን በዚያ አገር ጣልያንን መውጫ መግቢያ ያሳጣ አርበኛ ነው። ከነፃነት በኋላ ደጃዝማችነትና የቢቸና ግዛት ተሰጠው። ከበላዩ ግን ሌሎች ተሾሙ። በላይ ይህን የደሙን ዋጋ እንደ መካድ ቆጠረው። ቅሬታው ወደ እምቢታ፣ እምቢታው ወደ ተኩስ አለፈ። በሽምግልና እጁን ሰጠ፤ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠ። ከእስር ለማምለጥ ሞክሮ ተያዘና በ1937 ዓ.ም ተሰቀለ።

በዚህ ታሪክ በላይን መውቀስ አይቻልም፤ አይገባምም። የጎደለው ድፍረት አልነበረም፤ ድፍረት ከእርሱ በላይ ማን ነበረው? የጎደለው በዝምታና በጎራዴ መካከል ያለው መንገድ ነው። ቤተ መንግሥቱ ኩሩውን አርበኛ እንደ ማንኛውም ተሿሚ «ተጠርተህ ቅረብ» የሚባል አድርጎ አየው። አርበኛው ደግሞ ቤተ መንግሥቱን የጦር ሜዳ አድርጎ አየው። አንዱ የሌላውን ጠባይ አላነበበም፤ በመካከል የሚያስማማ ቋንቋም አልተገኘም። አገሪቱ አርበኛዋን በገዛ ገመዷ አጣች።

ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የዚያው አገር ገበሬዎች ከተኩሱ በፊት አቤቱታን፣ ከአቤቱታው በፊት ምክክርን አስቀደሙ። ከአባ ኮስትር ዕጣ ተምረው ነው ማለት አይቻልም። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። በላይ ብቻውን ቆመ፤ እነርሱ አብረው ቆሙ። በላይ ቅሬታውን በክብሩ ውስጥ አፍኖ ያዘ፤ እነርሱ በቃል አወጡት፣ በሰው ላኩት።

▪️ የአገር ቤት ትምህርት

«ሐበሻ በግልጽ መናገር አያውቅም፤ ወይ ያጎነብሳል ወይ ይሸፍታል» የሚል አባባል በሥልጠና አዳራሾች ይሰማል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። «ዝም አይነቅዝም» ያለ አገር «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎም ተርቷል። ሁለቱም ተረቶች የአንድ ሕዝብ ናቸው፤ ጥበቡ የቱ መቼ እንደሚሠራ ማወቁ ላይ ነው።

የድሮው ሙግት ራሱ ትምህርት ቤት ነበር። በ«በላ ልበልሃ» ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው፣ ዳኛና ሕዝብ እየሰማቸው፣ በተራ ይከራከራሉ። መሳደብ ያስረታል፤ ዝም ማለትም ያስረታል። የሚረታው ነገሩን ከሥሩ የሚያስረዳው ነው። መንገድ ላይ የተጠቃ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ ጉልበተኛው መቆም አለበት። ይህ ደካማው ጉልበት ሳይኖረው ጉልበተኛውን የሚያቆምበት ቃል ነው። በቢቸና አቅራቢያ ባለው በድማ ጊዮርጊስና በሌሎቹ የጎጃም የቅኔ ቤቶች ደግሞ ተማሪው በሰምና ወርቅ ሹሙንም መምህሩንም ሳያዋርድ መንካት ይማራል። ነገር ማዞር ማለት ሁልጊዜ መሸሽ አይደለም፤ አንዳንዴ ሰሚው ሳይዋረድ እንዲሰማ መንገድ መስጠት ነው።

ይህ ሁሉ ሀብት ወደ ዘመናዊው ቢሮ ሳይሻገር ቀረ። በንጉሡ ዘመን ቢሮው ደጅ ጥናትን ወረሰ። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» መጣ። ከዚያ በኋላ ደግሞ «ግምገማ» ተተካ። ስሙ በግልጽ መነጋገር ነበር። ሠራተኛው ግን በግምገማ የተናገረው ቃል ነገ ፋይል ሆኖ እንደሚመለስበት ሲያይ ሁለት ቋንቋ ለመደ፤ አንዱ የስብሰባ፣ ሌላው የሻይ ቤት። እውነቱ ያለው ሻይ ቤት ነው።

▪️ የጠባይ ዓይነቶች

ሰውን በጠባዩ መመደብ ጥንታዊ ሐሳብ ነው። ግሪኮች በአራት ከፈሉት። ስዊዘርላንዳዊው ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ ስለ ሥነ ልቦና ዓይነቶች ጻፈ። አሜሪካዊው ዊልያም ማርስተን በ1928 እ.ኤ.አ ዛሬ በሥልጠናዎች የሚታወቀውን ባለ አራት ክፍል አመዳደብ መሠረት ጣለ። በ1970 እ.ኤ.አ ደግሞ አልበርቲና ኤመንስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሳያጠቁም ሳይጠቁም መብትን ስለ መናገር ታዋቂ መጽሐፍ አሳተሙ። የቢቸናና የሞጣ ሽማግሌዎች አቤቱታቸውን ይዘው ከተመለሱ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

አመዳደቡን እንደ ሃይማኖት መያዝ አያስፈልግም። ሰው ሣጥን አይደለም፤ ዛሬ ቁጡ የሆነው ነገ ትዕግሥተኛ ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚህ መመዘኛዎች አንዳንዶቹም በተመራማሪዎች በብርቱ ተተችተዋል። ሆኖም እንደ መነሻ ይጠቅማል። በየመሥሪያ ቤቱ ቸኳዩ አለ፤ ውጤቱን እንጂ ታሪኩን መስማት የማይፈልግ። ተጫዋቹ አለ፤ ሰው ፊት መመስገን የሚወድ፣ ሰው ፊት መነቀፍ የሚያሳብደው። ሰላም ወዳዱ አለ፤ «እሺ» ይልና ውስጡ የሚቃጠል። መዝጋቢው አለ፤ ቁጥርና ደብዳቤ ካላየ የማያምን።

አንዲት ነርስ ሞጣ ውስጥ ባለ የግል ክሊኒክ ሦስት ሳምንት በተከታታይ የሌሊት ተረኛ ተደርጋ ተመደበች እንበል። አለቃዋ ቸኳይ ከሆነ ረጅም መግቢያ አያስፈልግም። «ጋሼ፣ የዛሬን እገባለሁ። የሚቀጥለውን ሳምንት ግን አልችልም፤ ሦስት ሳምንት ገብቻለሁ። ተራው እንዲዞር ይደረግልኝ» ብላ ማቆም በቂ ነው። መዝጋቢ ከሆነ የተረኛ ሰሌዳውን ይዛ ትግባ። ተጫዋች ከሆነ በስብሰባ ላይ ሳይሆን ለብቻው ታናግረው። ሰላም ወዳድ ከሆነ ደግሞ «እሺ፣ አያለሁ» የሚለውን እንደ መጨረሻ መልስ አትቁጠረው፤ «መቼ ልመለስ?» ብላ ቀን ታስቆርጠው። አራቱም ጋ ጥያቄው አንድ ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው። ጠባይን ማወቅ ማለት ለሁሉም ሰው የሚስማማ መሆን አይደለም። ያንኑ እምቢታ ሰሚው ሊሰማው በሚችልበት ቋንቋ መናገር ነው።

▪️ ለብቻ የማይቻለው

ይህ ምክር ድንበር አለው፤ ድንበሩንም ያሳዩት እነዚያው ገበሬዎች ናቸው። ደጃዝማች ፀሐዩን የትኛውም ገበሬ ብቻውን ገብቶ፣ ቃላት መርጦ፣ በለዘበ ድምፅ ቢያናግራቸው ኖሮ የሚጠብቀው እስር ቤት ነበር። ኃይሉ በጣም በተራራቀበት ቦታ «በራስህ ተማመንና ተናገር» ብሎ አንድን ሰው ወደ አንበሳ መላክ ምክር አይባልም። የቢቸናና የሞጣ ሰዎች መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ፤ ከዚያ ነው ወደ ላይ የተናገሩት።

ዛሬ ለዚህ ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በማኅበር መደራጀቱን ወይም በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረቡን ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት አድርጎ አይቀበልም። ሕግ በወረቀት መኖሩ ብቻውን ነርሷን እንቅልፍ አያስተኛትም። የሥራ ባልደረቦቿ ያንኑ የተረኛ ሰሌዳ ይዘው አብረዋት ከገቡ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ያኔ አለቃው የሚሰማው የአንዲት «አስቸጋሪ» ሠራተኛ ጠባይ መሆኑ ቀርቶ የሥራው ችግር ይሆናል።

ከሁሉ የከበደው ሸክም ግን በሰሚው ትከሻ ላይ ነው። ስለ ድፍረት የሚሰጠው ምክር ሁሉ ለታዛዡ ነው፤ ተናገር፣ ቃል ምረጥ፣ ጊዜ ጠብቅ፣ ጠባይ አጥና። በ1960 ዓ.ም ገበሬው ይህን ሁሉ አድርጎ ነበር። መከረ፣ ሽማግሌ ላከ፣ ንጉሡን ከሹሙ ለየ፣ ማፈግፈጊያ በር ተወ። ያልተሠራው ሥራ የወዲያኛው ወገን ነው። ሰው በአቤቱታ ሲመጣ ያልሰማ ሹም ቆይቶ መስማቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ግን አቤቱታ አይሆንም።